መርዶ ይዤ ወደ ሳላዎቹ ሀገር

ከኦማን ከተመለስኩ ወዲህ አምቦ ላይ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ «ግመል አየሽ ወይ?» ባጃጅ ውስጥ ይጠይቁኛል። ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል፣ እኔ በምሠራበት መስኮት፣ ካርድ ሊያወጡ የመጡ በሽተኞች ሳይቀሩ ሕመማቸውን ትተው ይጠይቁኛል። አዎ፣ አይቻለሁ። ግመል ለማየት እኮ አዋሽ ድረስ መሄድ ይበቃል! እኔን እስካሁን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንዴ ቁጭ ብዬ ከአነሳሴ ጀምሬ ልጻፈው፤ ጠያቂዬም ያንብበው፣ እኔም ልረፍ።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ኩለኒ፣ እኛ ኩሌ ነው የምንላት፣ ኦማን በረሃ መሀል የዱር እንስሳት በሚጠበቁበት አንድ ካምፕ ውስጥ ምግብ አብሳይ ናት። ክረምቱ ሊገባ ሲል እናታችን አረፈች። ኩሌ አልሰማችም። እንዳትሰማ ያደረግነው እኛው ነን። አባታችን የሞተ ጊዜ አንድ ዘመድ ነኝ ባይ በስልክ ዱብ አደረገባት። ያኔ በሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ኩሽና ውስጥ ወደቀች፤ ምድጃ ላይ የነበረው የጋለ ዘይት ክንዷ ላይ ተገለበጠ። የሚያነሳት ሰው እስኪመጣ ድረስ እዚያው ወለል ላይ ብቻዋን ስታለቅስ ቆየች። ጠባሳው ዛሬም አለ።

ስለዚህ አዮ ስታርፍ፣ እናታችንን የምንጠራት እንዲያ ነው፣ አጎታችን ኦቦ ነጋሳ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና ቆረጡ። «ይቺ ልጅ ሁለተኛ ብቻዋን አትሰማም» አሉ። «መርዶ በወጉ ነው። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚይዛት እጅ ተዘጋጅቶ። ለሊሴ፣ አንቺ ትሄጃለሽ።» ፓስፖርቱ፣ ቪዛው፣ የዓመት ፈቃዱ እስኪያልቅ ድረስ ኩሌ በደወለች ቁጥር ስንዋሽ ከረምን። አዮ አንዴ ተኝታለች፣ አንዴ ቤተ ክርስቲያን ናት። አንድ ቀን የምለው ሲጠፋኝ «እጃጂ ለቅሶ ሄዳለች» አልኳት። እጃጂ ነው የቀበርናት።

የመጀመሪያው ቀን

ከአምቦ የወጣሁት በጥቅምት ማለዳ ነው። ጤፉ ቢጫ መሆን ጀምሯል፣ ሜዳው ላይ ጉም ተኝቷል። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ጭኔ ላይ ይዤ ተቀመጥኩ። ጣሳው ውስጥ ጩኮ አለ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በቅመም በተነጠረ ቅቤ የታሸ። ወደ ኩሌ የሚሄድ ሰው በተገኘ ቁጥር አዮ ጩኮ ሳትልክ ቀርታ አታውቅም። ባዶ እጄን ብሄድ መርዶውን ገና በሩ ላይ ተናገርኩት ማለት ነው። ስለዚህ ራሴ ሠራሁት፤ በአዮ ጣሳ፣ በአዮ ማንኪያ፣ እሷ ስትሠራ እንዳየሁት አድርጌ።

ጊንጪ ላይ ረዳቱ አፍንጫውን እየነፋ ዞረ። «እናት፣ ይሄ ቅቤ ሰው ያሳብዳል እኮ። ትንሽ አታቀምሺንም?»

«አደራ ነው» አልኩት።

«የማን?»

«የእናቴ።»

ከአፌ ሲወጣ ራሴ ደነገጥኩ። ውሸቱ ለምዶኝ ነበር፤ ማንም ሳያስገድደኝ በራሱ እየወጣ ነበር።

ያን ቀን አዲስ አበባ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ፔንሲዮን አረፍኩ። ሽሮ አዝዤ አንድ ጉርሻ እንኳ ሳልጎርስ ቦርሳዬ ውስጥ ስልክ ጮኸ። የእኔ አይደለም፤ የአዮ ነው። ያልዘጋነው ኩሌ ብትደውል ሲጠራ እንድትሰማ ነው፤ የተዘጋ ስልክ ያስጠረጥራል። አወጣሁት። «ኩሌ» ይላል። አስተናጋጇ «ስልክሽን አታነሺውም እንዴ?» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየሁት። እየተንቀጠቀጠ ወደ ሳህኑ ተጠጋ፣ ደግሞ ጠራ፣ ደግሞ ጠራ። ዝም ሲል ሽሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ቀን

አውሮፕላኑ ደህና ነው። ስለሱ የምጽፈው የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ደረስን። ሙስካት ላይ ግን ፈታሹ ጣሳዬን ከፈተ። አፍንጫውን አስጠጋ፣ ራሱን ወዘወዘ፣ ጓደኛውን ጠራ። ሁለቱም አሸተቱ። «ፉድ» አልኩ። አልገባቸውም ወይም አላመኑኝም። ደረቴን ነካ አድርጌ «ማዘር» አልኩ። የፈታሹ ፊት ወዲያው ተፈታ፤ ክዳኑን በራሱ እጅ ገጥሞ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መለሰልኝ። ከዚያ በር ስወጣ እንደ ሌባ ነበር የምፈጥነው።

ውጭ ነጭ ረጅም ልብስ የለበሱ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ካርቶን ይዘው ቆመዋል። ካርቶኑ ላይ በአማርኛ «እቴቴ ለሊሴ» ተብሎ ተጽፏል፤ የኩሌ እጅ ጽሑፍ ነው። እሳቸው ፊደሉን ስለማያውቁት ዘቅዝቀው ነው የያዙት። የካምፑ ዘበኞች አለቃ አቡ ሳሊም ናቸው። አጠገባቸው ባለቤታቸው ኡም ሳሊም አሉ፤ ፊታቸው ላይ ጥቁር ጭምብል አድርገዋል፤ ከዓይናቸው በቀር ምንም አይታይም። እኔ አረብኛ አልችል፣ እነሱ አማርኛም ኦሮምኛም አይችሉ። ተሳስቀን ፒክ አፑ ላይ ወጣን።

ወገኖቼ፣ ስለዚያ መንገድ ምን ልበላችሁ? ከአምቦ ጉደር እንኳ መንገዱ ስንቴ ይታጠፋል! ይሄኛው አይታጠፍም። ተራራ የለ፣ ኮረብታ የለ፣ ዓይን የሚያርፍበት ነገር የለም። ፊት ለፊት ውሃ ይታያል፤ ትደርሻለሽ፣ ውሃው ሸሽቷል። ዛፍ ሲገኝ ግራር ነው፤ ግን ሥሩ በመቀስ የተከረከመ ይመስል ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ቁመት ተቆርጧል። ግመልና የሜዳ ፍየል እስከሚደርሱበት በልተውት ነው። በዚያ ሁሉ ሜዳ ሰው ሳይኖር የሰው እጅ የነካው የሚመስል ዛፍ ማየት ደስ አይልም። በእያንዳንዱ ግራር ላይ ቁራ ቁጭ ብሎ እኛ ስናልፍ አንገቱን ያዞራል።

ከእነዚህ ግራሮች ባንዱ ሥር ወርደን ምሳ በላን፤ ሩዝ፣ ዓሣና ቴምር። ኡም ሳሊም የዓሣውን እሾህ እየለቀሙ እፊቴ ያስቀምጣሉ፤ ልክ እንደኛ ሀገር አልጠገብሽም እያሉ ይጨቃጨቁኛል፤ ጭቅጭቅ መሆኑን ለማወቅ አረብኛ መቻል አያስፈልግም። ደግ ሰዎች መሆናቸውን ሳይ «ለነዚህ ሰዎች አሁኑኑ ልንገራቸው፣ ኩሌን የሚይዙልኝ እነሱ ናቸው» አልኩ። በምን ልንገር? «ኩለኒ» አልኩ፣ «ማዘር» አልኩ፣ ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ፣ እጄን ጉንጬ ሥር አድርጌ ጭንቅላቴን ዘንበል አደረግሁ። ኡም ሳሊም «አሃ!» ብለው ብድግ አሉ። ከመኪናው ፍራሽ አወጡ፣ ጥላው ላይ አነጠፉ፣ ትከሻዬን ይዘው አስተኙኝ፣ በነጠላዬ ሸፈኑኝ። መተኛት የፈለግሁ መስሏቸው ነው። ምን ላድርግ? ተኛሁ። ቁራው ከላይ ሆኖ ያየኛል።

እዚያ ፍራሽ ላይ ነው ጉዱ የተገለጠልኝ። ሰው መሰብሰብ አለብኝ። ለሰዎቹ መናገር አለብኝ። ስልኬ ላይ ያለው ትርጉም ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ኩሌ በካምፑ ኢንተርኔት የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ለመደወል እንኳ አንድ ጉብታ ላይ እንደምትወጣ ነግራኛለች። በዚያ በረሃ ሙሉ የእኔን ቋንቋና የእነሱን ቋንቋ የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት። እሷም መርዶው የሚነገራት ሰው ናት። ኦቦ ነጋሳ ሁሉንም አስበው ይቺን ብቻ አላሰቧትም፤ ከሽማግሌዎቹም ማንም አላሰባት፤ እኔም ደደቧ አላሰብኳትም!

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ካምፑ ደረስን፤ በጠጠር ሜዳ ላይ የተተከሉ ጥቂት ቤቶች ናቸው። ኩሌ እየሮጠች መጣች። ጠቁራለች፣ ከስታለች፣ ሳቋ ግን ያው ነው። አቅፋኝ አንገቴ ሥር ሆና መጀመሪያ ያለችው «አዮ እንዴት ናት?» ነው።

«ሰላም ብላሻለች።»

«ትናንት ደወልኩላት። ጠራ፣ አላነሳችም።»

«ታውቂያት የለ፤ ስልክ የት እንደምትጥል።»

ኩሌ ጣሳውን ከእጄ ተቀበለች። ጥፍር የምታህል ዝገት ክዳኑ ላይ አለች፤ እሷን በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻትና ጣሳውን ሳመችው።

ሦስተኛው ቀን

በማለዳ በሩን ስከፍት ሀገሩ የለም። ኢየሱስ! ወንጪ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ጉም ነው፤ በረሃ ላይ ጉም! ከባሕሩ በኩል እየመጣ መሬቱን ሁሉ ይሸፍነዋል አለችኝ ኩሌ። ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ዝናብ ይዘንባል፤ ከዛፉ ክብ ውጭ ያለው ጠጠር ግን ደረቅ ነው። ጉሙ ቅጠሉ ላይ ውሃ እየሆነ ይንጠባጠባል። ቅርንጫፎቹም ወንጪ እንዳሉት ጽዶች ሽበት የመሰለ ነጭ የዛፍ ጢም አብቅለዋል። የሀገሬ ዛፍ ተከትሎኝ የመጣ መስሎኝ ቆዳዬ ሸከከኝ።

ወደ ታች ሳይ የባሰ ነው። በራችን ላይ ዱካ አለ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮና። ከበሩ ይጀምርና ቤቱን ዞሮ፣ መስኮታችን ሥር ቆሞ፣ እንደገና ወደ በሩ ይመጣል። «በኢየሱስ ስም!» አልኩ ጮክ ብዬ። እኛን ሰንበት ትምህርት ቤት ሰይጣንን በተሰነጠቀ ሰኮና ሥለው አሳይተውናል።

ኩሌ ከበስተኋላዬ ሳቀች። «ዝም በዪ፣ ቆመዋል። እዪ።»

ቀስ በቀስ ታዩኝ። ጉሙ ውስጥ ነጫጭ ነገሮች ቆመዋል፤ አካላቸው ከጉሙ ጋር አንድ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው ቀንዳቸው ብቻ ነው፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ አየር ላይ የተሰቀለ ጦር ይመስላል። ከዚያ ጥቁር እግሮች ይመጣሉ። በእኛ አዋሽ በኩል የሚኖረው የሳላ ዘመድ ናቸው፤ እነዚህ ግን ነጭ ናቸው። ከቁጥቋጦው ላይ ጤዛ ይልሳሉ። ወንዝ አያውቁም፤ የሚጠጡት ጉሙን ነው። የምላሳቸው ድምፅ ይሰማል እንጂ የእግራቸው አይሰማም። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ በራችን ተጠጋና ቆመ፤ ኩሌን ነው የሚያየው።

«የሱ ነው ዱካው» አለችኝ። «ጫላ ብዬዋለሁ። በተወለደ ሰሞን እናቱ ሞተችበት፤ እኔ ነኝ በጡጦ ያሳደግሁት። ካደገ በኋላ ወደ መንጋው ለቀቅነው። ጉም በመጣ ቁጥር ግን ይመጣል፤ ቤቱን ይዞርና ይሄዳል።»

«ምን ፈልጎ ነው?»

«እኔንጃ። ወተት አይደለም፤ ብሰጠው አይጠጣም።»

ፀሐይ ስትወጣ ጉሙ በቅጽበት ጠፋ፤ እነሱም አብረው የጠፉ ይመስል ሜዳው ላይ አንድም ነጭ ነገር የለም።

ቁርስ ላይ ኩሌ ጣሳውን ከፈተች። ጩኮውን በማንኪያ ዝቃ ጎረሰች። እኔ ፊቷን እያየሁ ነው። አላመጠች፣ ቀስ አለች፣ ቆመች። ከዚያ ዋጠችና «ደስ ይላል» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ክዳኑን ገጠመችና መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ ወደ ኩሽናዋ ሄደች። ልጅ ሳለች ጩኮ ካየች ጣሳውን የሚያስለቅቃት አልነበረም።

አራተኛው ቀን

አቡ ሳሊም በመኪናቸው አዞሩን። ኩሌ ትርጉም እያደረገች መሀል ተቀመጠች። ለእኔ ሜዳው ባዶ ነው፤ ለሳቸው ገበያ ነው። አንድ የሞተ የእሾህ ቁጥቋጦ አሳዩኝ፤ ሰበርኩት፣ ውስጡ አረንጓዴ ነው። «ዝናብ እስኪመጣ የሞተ መስሎ ይቆያል» አለች ኩሌ። ጅራቱ የበቆሎ ቆረቆንዳ የመሰለ፣ እሾህ ብቻ የሆነ ትልቅ እንሽላሊት አሳዩኝ፤ ይበላል ሲሉኝ የኔን ፊት አይተው ሳቃቸው አላቆመም። ቆቅ የምታህል ወፍም አየን። አባትየው ጠዋት ጠዋት ሩቅ ሄዶ ውሃ ውስጥ ይገባና ደረቱን ያርሳል፤ በላባው ውሃ ተሸክሞ በርሮ ይመጣል፤ ጫጩቶቹ ላባውን እየጠቡ ይጠጣሉ።

«እንዴት ሳይደርቅበት ይደርሳል?» አልኩ።

ኩሌ ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው መለሱ። ኩሌ ወፏን እያየች «አንዳንዱ ይደርቅበታል፣ ግን ይመጣል፤ ነው ያሉት» አለችኝ።

ጥቁሩን መነጽሬን አደረግሁ። እኔም ደረቴ ላይ የያዝኩት ነገር ነበር፤ ቀን በቀን እየደረቀብኝ ነበር። በዚያ ማለዳ ልነግራት ተነስቼ ነበር። ጉም ነበር፣ ዱካው ነበር፣ ኩሌ ከዛፉ ሥር ቆማ እጇን ለጠብታው ዘርግታለች፤ እጅጌዋ ተሰብስቦ ጠባሳው ይታያል። ብቻዋን ናት። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ አንድ ሰው ለመርዶ አይበቃም። አፌን ዘጋሁ። ደግሞ ያ ጫላ የሚሉት ከጉሙ ውስጥ ቆሞ እኔን ያየኛል። ኩሌን ትቶ እኔን!

አምስተኛው ቀን

አቡ ሳሊም ዓሣ ሊገዙ ወደ ባሕር ሲሄዱ ይዘውን ሄዱ። ባሕር ስታይ ልብሽ ይከፈታል ብለውኝ ነበር። የኔ አልተከፈተም። አሸዋው ላይ ትራክተር የሄደበት የሚመስል ዱካ ከውሃው ወጥቶ፣ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ፣ ወደ ውሃው ይመለሳል። የባሕር ኤሊ ናት አሉኝ። ትወጣለች፣ እንቁላሏን ትቀብራለች፣ ትሄዳለች። የሚፈለፈሉት ልጆች እናታቸውን አያዩአትም። «እንዴት ታስችላለች!» ብዬ ተቆጣሁ። ኩሌ ሳቀች፤ «ኤሊ ላይ ትቆጪያለሽ?» አለችኝ። ሐይቅ በመሰለ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ፍላሚንጎ የሚባሉ ሮዝ ወፎች በአንድ እግር ቆመዋል፤ ማንም ድምፅ አያሰማም። በዚያ ሀገር እንስሳው ሁሉ አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስላል።

ስንመለስ ካምፑ በር ላይ አቡ ሳሊም ዓሣውን ሲያወርዱ እኔ ወሰንኩ። መመለሻዬ ደርሷል። ኩሌን «አቡ ሳሊምን አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አልኳት። «ከመሄዴ በፊት ሰዉን ሁሉ ማመስገን እፈልጋለሁ። ነገ ይሰብሰቡልኝ። ዘበኞቹም ሚስቶቻቸውም።»

«መቼ?»

«በማለዳ።»

ኩሌ አየችኝ። «ከቁርስ በኋላ አይሻልም?»

«በማለዳ ነው። ፀሐይ ሳትወጣ።»

እሷ ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን የዓሣ ቅርፊት ቀስ አድርጋ አነሳች፤ ጣለችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞራ በአረብኛ ተናገረች። እሳቸው ጠየቁ፣ እሷ መለሰች። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምን አሉሽ?»

«‹ለምን በማለዳ?› አሉኝ። ‹የሀገራችን ወግ ነው› አልኳቸው።»

ይህን ብላ ዓሣውን ተሸክማ ገባች። ያን ምሽት ከወትሮው ብዙ ዳቦ አቦካች። ሳቋን አልሰማሁትም። እኔም ምንም አልጠየቅኋትም፤ ፈራሁ።

ስድስተኛው ቀን

ስነሳ አልጋዋ ላይ የለችም። ወጣሁ። ጉሙ ከሁሉም ቀን ይበልጣል። ከግራሩ ሥር ምንጣፍ አንጥፋለች፤ ዳቦው በጨርቅ ተሸፍኗል፤ ፀጉሯን በጥቁር ሻሽ አስራለች። ሰዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ፤ ወንዶቹ ነጭ ለብሰው፣ ሴቶቹ ጥቁር። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ማንም አልተናገረም። ልክ እጃጂ ለመርዶ እንደሚመጣ ሰው ነበር አመጣጣቸው። ይህን ማን ነገራቸው? ከነሱ ኋላ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ቀንዶቹ ቆመዋል።

ኩሌ ከጎኔ ቆመች። «በይ፣ ጀምሪ እቴቴ» አለችኝ።

ጀመርኩ። አመሰገንኩ። ለዓሣው፣ ለፍራሹ፣ ለእህቴ ቤት ስለሆኗት። ኩሌ እያንዳንዱን ተረጎመች፤ ድምፅዋ እንደ መምህር የጠራ ነው። ኡም ሳሊም ጭምብላቸው ውስጥ ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ቃል አለቀብኝ። ጠብታው ምንጣፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አለመናገር እችል ነበር፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ዳቦውን ቆርሼ መሄድ እችል ነበር።

«ቀጥዪ» አለች ኩሌ። ወደኔ አላየችም። «ሰዎቹ እየጠበቁ ነው።»

«ኩሌ…»

«ቀጥዪ።»

«እናታችን» አልኩ፤ «እናታችን አርፋለች።»

የዛፉን ግንድ ያዝኩ። ኩሌ አልጮኸችም። ወደ ሰዎቹ ዞረችና በአረብኛ ተናገረችው። አንዲት ቃል አልዘለለችም፤ ድምፅዋም አልተሰበረም። ከሰዎቹ መሀል እንደ ነፋስ ያለ ድምፅ ወጣ፤ ወንዶቹ በአንድነት ጸሎታቸውን ደገሙ።

«መቼ?» አለችኝ።

«ክረምቱ ሊገባ ሲል።»

ተረጎመችው።

«ታማ ነበር?»

«ብዙ አልተኛችም። አልተሰቃየችም።»

ተረጎመችው።

«ማን አጠባት?»

«እኔ። በእጄ።»

ተረጎመችው። አንዷ ሴት አለቀሰች።

«የት አሳረፋችኋት?»

«እጃጂ። ከአባባ ጎን።»

ይህንንም ነገረቻቸው። ከዚያ የምትጠይቀው አለቀ፣ የምትተረጉመው አለቀ። እጇን ወደ ደረቷ ስትወስድ አየሁና «ያዟት!» አልኩ በኦሮምኛ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ይገባቸው ነበር፤ እነሱ ቀድመውኝ ተነስተዋል። ኩሌ ስትወድቅ ሴቶቹ ሥሯ ነበሩ። ኡም ሳሊም ጭናቸው ላይ አስተኟት፤ ጭምብላቸውን አውልቀው ጣሉት፤ ጉንጫቸውን ጉንጯ ላይ አድርገው አብረዋት አለቀሱ። ፊታቸውን ያየሁት ያኔ ነው፤ የተጨማደደ፣ እንባ ያራሰው፣ የየትኛዋም የአምቦ እናት ፊት ነው። እኔም እዚያው ምንጣፍ ላይ ለእናቴ እንደገና አለቀስኩ። ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ ማንም ቤቱ አልሄደም። ሲገፈፍ ሳላዎቹ ሄደዋል፤ የጫላ ዱካ ግን ከምንጣፉ ጀርባ፣ ኩሌ ከነበረችበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቆሞ እንደነበር ይናገራል።

መመለስ

በማግሥቱ መኪናው ላይ ልወጣ ስል ኩሌ ጣሳውን ይዛ መጣች። ባዶ ዕቃ አይመለስምና ቴምር ሞልታበታለች። ዓይኗ አብጧል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«ከጩኮው። የሷ እጅ አይደለም። አዮ ጨው ትረሳለች፣ አንቺ አልረሳሽም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ብቻችንን ሳለን ከአፍሽ እንዳይወጣ ፈርቼ። ሰው እስክትጠሪ ጠበቅኩሽ። ስትጠሪ ደግሞ ለአቡ ሳሊም ወጉን ነገርኳቸው፤ ሴቶቹ እንዲቀርቡኝ።» ክንዷን፣ ጠባሳው ያለበትን፣ በሌላው እጇ ይዛ ቆመች። «እቴቴ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር ያኔ።»

አቅፌያት አለቀስኩ።

አምቦ ስደርስ ኦቦ ነጋሳ ከነሽማግሌዎቹ ቤታችን ተቀምጠው ጠበቁኝ። አካም የለ፣ ነጋ የለ፣ ሰላምታውን ዘለው ቀጥታ ገቡበት።

«ሰው ነበረ?»

«ነበረ።»

«የያዛት አለ?»

«አለ። መሬት አልነካችም።»

ሁሉም ተነፈሱ። ኦቦ ነጋሳ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «ደግ አደረግሽ ልጄ። እንዲያ ባለ የባዕድ ሀገር፣ ቋንቋ በሌለበት፣ ለሰዉ መርዶውን ማን ተናገረልሽ?»

የአዮን ስልክ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ዘጋሁት።

«ኩሌ» አልኳቸው።